በኮምፒውተር አልጀብራ ትልቁን የጋራ አካፋይ ማግኘት

ሲምፓይ፣ ማክሲማ፣ ሜፕልና ማቴማቲካን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ክፍልፋይ ሲያቃልሉ ደጋግመው የሚያሰሉት የሁለት ፖሊኖሚያሎችን (እንደ ሸ² + 3ሸ + 2 ያሉ አገላለጾችን) ትልቁን የጋራ አካፋይ (ትጋአ) ነው። (ሸ² − 1)/(ሸ² + 3ሸ + 2) ወደ (ሸ − 1)/(ሸ + 2) የሚያጥረው ላዕሉና ታሕቱ ለየብቻ ተተንትነው አይደለም። የጋራውን ሸ + 1 በቀጥታ ማውጣት ከመተንተን እጅግ ይቀላል።

መነሻው የዩክሊድ ዘዴ ነው፦ አንዱን ለሌላው ማካፈል፣ ከዚያ አካፋዩን ለቀሪው ማካፈል፣ ቀሪው ዜሮ እስኪሆን መቀጠል። ከዜሮው በፊት የተገኘው ቀሪ መልሱ ነው። አስቸጋሪው የኮኤፊሸንቶቹ (ሸን የሚያባዙት ቁጥሮች) ማበጥ ነው። ሸ⁸ + ሸ⁶ − 3ሸ⁴ − 3ሸ³ + 8ሸ² + 2ሸ − 5 እና 3ሸ⁶ + 5ሸ⁴ − 4ሸ² − 9ሸ + 21 ክፍልፋይ እንዳይመጣ በየደረጃው እየተባዙ ሲካፈሉ የመጨረሻው ቀሪ ባለ 35 አኃዝ ቁጥር ይሆናል። ሸ የሌለበት ቀሪ ግን እንደ 1 ስለሚቆጠር ትጋአቸው 1 ብቻ ነው!

ለዚህ ሁለት መውጫዎች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው፣ ተመራማሪው ብራውን እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበው፣ ስሌቱን በብቸኛ ቁጥር ቀሪ መሥራት (እያንዳንዱን ኮኤፊሸንት ለብቸኛ ቁጥር ሲካፈል በሚተርፈው መተካት) እና የብዙ ብቸኛ ቁጥሮችን ውጤት መልሶ መገጣጠም ነው። የመሪ ኮኤፊሸንቶቹ (የትልቁ አርቢ ኮኤፊሸንቶች) አካፋይ የሆነ ብቸኛ ቁጥር አይመረጥም። ከተመረጡትም አንዳንዶቹ ያሳስታሉ፤ ሸ + 1 እና ሸ + 6 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፣ በ5 ቀሪ ሲታዩ ግን አንድ ይሆናሉ። ስህተቱ ሁልጊዜ ዲግሪውን (ትልቁን የሸ አርቢ) ከፍ እንጂ ዝቅ ስለማያደርግ ዝቅተኛ ዲግሪ የሰጡት ውጤቶች ብቻ ይያዛሉ።

ሁለተኛው በተለዋዋጩ ቦታ ትልቅ ቁጥር መተካት ነው። ሸ = 100 ቢባል የመጀመሪያው ክፍልፋይ ላዕልና ታሕት 9999 እና 10302 ይሆናሉ። የነዚህ ትጋአ 303 ነው፣ ማለትም 3·100 + 3፤ ወደ ፊደል ሲመለስ 3ሸ + 3። ትርፉ 3 ሲወጣ ሸ + 1 ይቀራል። በአጋጣሚ የተገኘ እንዳይሆን ሁለቱንም ያለ ቀሪ ማካፈሉ የግድ ይፈተሻል፤ ካልተሳካ ሌላ ቁጥር ይሞከራል። ሲምፓይ መጀመሪያ የሚሞክረው ይህን መንገድ ነው።

ተጠቃሚን የሚያደናግረው ግን ብዙውን ጊዜ ስሌቱ ሳይሆን ፕሮግራሙ ምኑን እንደ ተለዋዋጭ እንደወሰደ ነው። ኢ^(2ሸ) እና ኢ^ሸ (ኢ ቋሚው ቁጥር 2.718… ነው) የማይገናኙ ሁለት ተለዋዋጮች ተደርገው ከተቆጠሩ የኢ^(2ሸ) − 1 እና የኢ^ሸ − 1 ትጋአ 1 ይሆናል። ኢ^ሸን አስቀድሞ በተ መተካት ተ² − 1ን እና ተ − 1ን ይሰጣል፤ የጋራው ወዲያው ይታያል። ማቴማቲካም ካልተነገረው በቀር √2ን እንደ ነፃ ምልክት ስለሚይዝ ለሸ² − 2 እና ለሸ − √2 መልሱ 1 ነው።

የባሰው የተደበቀ ዜሮ ነው። መሪ ኮኤፊሸንቱ ሳይን²ሀ + ኮሳይን²ሀ − 1 ቢሆንና ፕሮግራሙ ዜሮነቱን ባያውቅ፣ በዜሮ አካፍሎ የተሳሳተ መልስ ያወጣል። የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳረጋገጠው እንዲህ ያሉ አገላለጾችን ሁሉ ዜሮ መሆን አለመሆናቸውን የሚለይ አንድ ዘዴ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ የታወቁ ዝምድናዎችን ቀድሞ ማቃለል የተጠቃሚው ሥራ ነው።

የነጥብ ቁጥሮችም እንዲሁ። 0.1 በሁለትዮሽ (ኮምፒውተር በሚጠቀምበት የ0 እና የ1 አጻጻፍ) በትክክል ስለማይጻፍ ዜሮ መሆን የነበረበት ቀሪ ጥቂት ይተርፈዋል፣ መልሱም 1 ይሆናል። ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት 0.1ን ወደ 1/10 መለወጥ ይሻላል።