ይዞ መልቀቅ ምንድን ነው?

ባለፈው ጁን ሳንዲ ፖይንት ሄደን ነበር፤ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ቤይ ብሪጅ አጠገብ ያለው ፓርክ። አጠገቤ የቆመው ልጅ አንድ ትልቅ ሮክፊሽ የሚባል አሳ በመንጠቆ አወጣ። ሜትር ዘርግቶ ለካው፣ መንጠቆውን ከአፉ ነቀለለት፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ውሃው መለሰው። አብረውን የመጡ አንድ ጋሼ ደነገጡ። «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ሲሳይ እንዲህ ይገፋል?» አሉት። ልጁም በትህትና «ጋሼ፣ ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው፤ ማስቀረት ክልክል ነው» አላቸው። ትንሽ አሰቡና «እሺ፤ ላትበላው ከሆነ ታዲያ ለምን አሰቃየኸው?» ብለው ጠየቁት።

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፣ ከዚያ ወዲህም ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣም። ምክንያቱም ባሕር ላይ የሚያጠምድ ሰው ሁሉ፣ አሜሪካም ይሁን አውሮፓ፣ የሚከራከርበት ነገር ጋሼ በሁለት ዓረፍተ ነገር የጠየቁት ነው። የተሰጠህን ምግብ ለምን ትመልሳለህ? የማትበላውንስ ለምን ትይዛለህ?

ቃሉን እናስቀድም። ይዞ መልቀቅ፣ እዚህ ካች ኤንድ ሪሊዝ የሚሉት፣ በመንጠቆ የያዙትን አሳ ከነሕይወቱ ወደ ውሃው መመለስ ነው። ግን በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠሩበታል። አንደኛው የግድ መልቀቅ ነው፦ አሳው አንሷል፣ ወይም ከመጠን አልፏል፣ ወይም ወቅቱ አይደለም፣ ስለዚህ ሕጉ መልስ ይላል። ሁለተኛው በፈቃድ መልቀቅ ነው፦ ሰውየው ቀኑን ሙሉ የሚያጠምደው ለትግሉ ደስታ ነው፣ ከመጀመሪያውም ሊበላ አላሰበም። ክርክሩ የሚደበላለቀው ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ሳይለዩ ሲቀሩ ነው።

የግድ መልቀቅ ለምን እንደመጣ ለመረዳት የሮክፊሽን ታሪክ ማወቅ ይበቃል። ሮክፊሽ የሜሪላንድ ሰዎች ያወጡለት ስም ነው፤ በሌላው የባሕር ዳርቻ ስትራይፕድ ባስ ይባላል። ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች አሉት፣ ሥጋው ነጭ ነው፣ ለጉላሽም ለኮተሌትም ይሆናል። ሲያድግ አትላንቲክ ዳርቻ ላይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል፣ በጸደይ ደግሞ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ቼሳፒክ ቤይ፣ ማለትም ሳንዲ ፖይንት ወዳለበት የባሕር ወሽመጥ፣ ወንዞች ይመለሳል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ክፉኛ ተመናመነ። ሜሪላንድ በ1985 ሮክፊሽ ማጥመድን ጨርሳ ዘጋች፤ የከፈተችው በ1990 ነው። ለአምስት ዓመት ያህል ከሜሪላንድ ውሃ ሮክፊሽ አውጥቶ ገበታ ላይ ማቅረብ ክልክል ነበር ማለት ነው። በ1995 አሳው አገግሟል ተባለ። ሰው ሲታገሥ ባሕር እንደሚመልስ እንደዚህ በግልጽ ያየሁበት ሌላ ታሪክ የለም።

አሁን ግን እንደገና ችግር አለ። በ2019 ይፋ የሆነው የአሳው ግምገማ ክምችቱ ከሚገባው በታች እንደወረደና ከአቅሙ በላይ እየተጠመደ እንደሆነ አሳየ። ሜሪላንድ ደግሞ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ የሮክፊሽ ጫጩቶችን በመረብ እየያዘች ትቆጥራለች። መረቡ አንዴ ሲጎተት የሚይዘው የረጅም ዘመኑ አማካይ ቁጥር ወደ 11 ይጠጋል። በ2023 የተገኘው 1 ነበር፣ በ2024 ደግሞ 2። ወላጆቹ እያሉ በቂ ጫጩት አልተገኘም። ሞቃትና ደረቅ ጸደይ ለእንቁላሎቹ አይመችም ይላሉ ባለሙያዎቹ።

ስለዚህ ሕጉ ጠበቀ። ከ2024 ጀምሮ በቤዩ ውስጥ የሚፈቀደው በቀን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነ። ውቅያኖሱ ላይ ደግሞ ከ28 እስከ 31 ኢንች። ያ ልጅ የመለሰው አሳ 24ን ያለፈ ነበር። (ደንቡ በየጊዜው ስለሚቀያየር ከመውጣታችሁ በፊት የዘንድሮውን የስቴቱን መመሪያ እዩ፤ ፈቃዳችሁንም አትርሱ።)

ትንሹን መልቀቅ ለሁሉም ሰው ይገባል። ጥጃ አይታረድም። ትልቁን መልቀቅ ግን የኛን ሰው ያስገርማል፣ እኔንም አስገርሞኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ትልልቆቹ ሮክፊሾች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ሴት አሳ ደግሞ ስታድግ የእንቁላሏ ብዛት ከክብደቷ በበለጠ ፍጥነት ያድጋል። በ2018 የወጣ ጥናት በኮድ አሳ ላይ ሲያሰላው አንዲት 30 ኪሎ የምትመዝን ኮድ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ የሆኑ 28 ኮዶች አንድ ላይ ከሚጥሉት የበለጠ እንቁላል ትጥላለች። 28ቱ ሲደመሩ 56 ኪሎ ናቸው፣ እሷ ግን 30 ብቻ። እንግዲህ ፎቶ የምንነሳባት ትልቋ አሳ የቤተሰቡ እናት ናት። በዚያ ላይ ዕድሜ የጠገበ አሳ ሜርኩሪና ሌላም ብክለት በሰውነቱ ስለሚያጠራቅም ለልጆቻችን ሳህን ትንሹ ይሻላል።

እስከዚህ ድረስ መልቀቅ አሸናፊ ይመስላል። አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ።

የተለቀቀ አሳ ሁሉ አይተርፍም። ጭራውን መትቶ ሲሄድ ስናይ ደስ ብሎን «ዳነ» እንላለን፣ ግን አንዳንዱ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ እኛ ሳናይ ይሞታል። የሮክፊሽን ክምችት የሚያሰሉ ባለሙያዎች ከተለቀቁት መቶ አሳዎች 9ኙ ይሞታሉ ብለው ይቆጥራሉ። ትንሽ ይመስላል አይደል? በ2017 በአትላንቲክ ዳርቻ በመዝናኛ አጥማጆች ተይዘው የተለቀቁት ሮክፊሾች ወደ 38 ሚሊዮን ይገመታሉ። ከዚያ ውስጥ 3.4 ሚሊዮን ያህሉ እንደሞቱ ተቆጥሯል። ይህ በዚያ ዓመት በንግድም በመዝናኛም በሰው እጅ ከጠፋው ሮክፊሽ ግማሹን ያህል ነው። ማንም አልበላቸውም። እኔን የቀየረኝ ይህ ቁጥር ነው።

እስቲ ሒሳቡን በአንድ ሰው እንስራው። ቅዳሜ ጠዋት የወጣ ሰው ሠላሳ ሮክፊሽ ይዞ ሠላሳውንም ቢለቅ ወደ ሦስት የሚጠጉት ይሞታሉ። ቤቱ ሲገባ ግን «እኔ እኮ ምንም አልገደልኩም» ይላል፣ ከልቡም ነው። ሌላው ሰው ሦስት አሳ ይዞ፣ ሁለቱ መጠናቸው ስላልሆነ መልሶ፣ ሦስተኛው ልኩ ሲሆን በረዶ ውስጥ ከቶ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ባሕሩን የበለጠ የጎዳው የቱ ነው? የኔ መልስ ግልጽ ነው። የሚያስጨንቀኝ አሳውን ማስቀረቱ ወይም መልቀቁ ብቻ አይደለም፤ ስንት አሳ በመንጠቆ ወጋን የሚለው ከዚያ ይቀድማል። ልኩን ያገኘ ሰው ቢያቆም፣ የሚለቅም ሰው ከጥቂት አሳ በኋላ ዘንጉን ቢያጥፍ ደስ ይለኛል።

9 ከመቶ ደግሞ አማካይ ነው። በእጃችን ከፍም ዝቅም ይላል። ዋናው ገዳይ የመንጠቆው ቦታ ነው፦ ከንፈሩ ላይ ከተያዘ አብዛኛው ይተርፋል፣ ከዋጠው ግን አንጀቱንና ልቡን ይነካል። ለዚህ ነው ከ2021 ጀምሮ ሮክፊሽን በተፈጥሮ ማጥመጃ ምግብ ለመዝናኛ የሚያጠምድ ሁሉ ሰርክል ሁክ የሚባለውን ክብ መንጠቆ እንዲጠቀም የተደረገው። ጫፉ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ ጉሮሮ ላይ ሳይይዝ ተንሸራትቶ የአፉ ጥግ ላይ ይሰካል። በኃይል መንጨቅ አያስፈልግም፣ ክሩ ሲወጠር ራሱ ይይዛል። ከዋጠው ደግሞ ለመንቀል አትታገሉ፤ ክሩን አፉ አጠገብ ቁረጡት።

ሁለተኛው አየር ነው። በ1992 የታተመ የታወቀ ሙከራ አለ፣ በትራውት ላይ የተደረገ። እስኪደክሙ ከተባረሩት ትራውቶች ከውሃ ሳይወጡ የቀሩት 88 ከመቶ ተረፉ። ለ30 ሰከንድ አየር ላይ የቆዩት 62 ከመቶ፣ ለአንድ ደቂቃ የቆዩት ደግሞ 28 ከመቶ ብቻ። ትራውትና ሮክፊሽ አንድ አይደሉም፣ ሙከራውም ከባሕር ውጭ ነው፣ ግን አንድ ደቂቃ ማለት ስልክ ከኪስ አውጥቶ፣ ለጓደኛ ሰጥቶ፣ «አንዴ ድገመው» ብሎ ሌላ ፎቶ መነሳት ማለት ነው። እኔ ራሴ ስንቴ አድርጌዋለሁ። አሁን ትንፋሼን እይዛለሁ፤ እኔ መተንፈስ ሲያምረኝ እሱም ወደ ውሃው መመለስ አለበት።

እጅ ማርጠብም ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በደረቅ እጅ ወይም በፎጣ ስትይዙት የሚሸፍነው ልጋግ ይገፈፋል፣ ልጋጉ ደግሞ ከበሽታ የሚከላከልለት ነው። ከባዱን አሳ በመንጋጋው ብቻ አንጠልጥላችሁ አትያዙት፣ ሆዱን ደግፉት።

ሦስተኛው ሙቀት ነው፣ ለቼሳፒክ ትልቁ ጉዳይም ይህ ይመስለኛል። ሞቃት ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም። ጁላይና ኦገስት ላይ ላዩ ይሞቃል፣ ታችኛው ኦክስጅን ያጣል፣ አሳው በመሀል ተጨንቆ ይኖራል። እዚያ ላይ ታግሎ የደከመ አሳ የማገገም ዕድሉ አናሳ ነው። ሜሪላንድ የበጋውን ቀናት በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ለይታ ትንበያ ታወጣለች። ቀይ ማለት የአየሩ ሙቀት 95 ፋራናይት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚሆን ያን ቀን ሮክፊሽ እንዳታጠምዱ የሚል ምክር ነው። ከ2021 ጀምሮም ለዓመታት ከጁላይ አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ሮክፊሽን ማጥመድ ራሱን፣ ለመልቀቅም ቢሆን፣ ስትዘጋ ነበር። «እኔ እኮ እለቃለሁ» የሚለው ምክንያት በዚያ ሙቀት ስለማይሠራ ነው።

ጥልቅ ባሕር ላይ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። በገልፍ ኦፍ ሜክሲኮ ሬድ ስናፐር የሚያጠምዱ ሰዎች አሳውን ከብዙ ሜትር ጥልቀት ሲያወጡት በሆዱ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ሆድ ዕቃው በአፉ ይወጣል። ቢለቁትም ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ የወፍ ሲሳይ ይሆናል። ለዚህ ክብደት ያለው መሣሪያ አለ፤ አሳውን ይዞ ወደ ታች ያወርደውና እዚያ ይለቀዋል። በ2022 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለ ሕግ በገልፉ የፌዴራል ውሃ እንደ ሬድ ስናፐር ያሉ አለት አካባቢ የሚኖሩ አሳዎችን የሚያጠምድ ጀልባ ይህን ወይም አየሩን የሚያስተነፍስ መርፌ ተዘጋጅቶ እንዲይዝ አዝዞ ነበር።

ወደ ጋሼ ሁለተኛ ጥያቄ ልመለስ። ላትበላው ለምን አሰቃየኸው? ይህን እንደ ሕግ የያዙት አገሮች አሉ። ስዊዘርላንድ ከ2009 ጀምሮ አሳን ለመልቀቅ ብሎ ማጥመድን ከልክላለች። ጀርመንም ውስጥ የእንስሳት ጥበቃ ሕጉ ያለ በቂ ምክንያት እንስሳን ማሰቃየት ስለሚከለክል፣ ለመብላት ሳያስቡ ማጥመድ ያስከስሳል። አሳ ሕመም ይሰማዋል ወይ በሚለው ሳይንቲስቶች እስካሁን ይከራከራሉ። እኔ ግን መንጠቆ የገባበት አሳ ሲንፈራገጥ በእጄ ይዤዋለሁ፣ ምንም አይሰማውም ብዬ ራሴን ማሳመን አልችልም። ስለዚህ ከጋሼ ጋር ነኝ። ስወጣ ለመብላት ነው የምወጣው። የግድ የምመልሰውን በጥንቃቄ እመልሳለሁ፣ የሚፈቀደውን አንዱን ወዲያው ጭንቅላቱን መትቼ፣ ደሙን አፍስሼ፣ በረዶ ውስጥ እከታለሁ። ባልዲ ውስጥ እየተንፈራገጠ ቀስ ብሎ እንዲሞት መተው ለአሳውም ለሥጋውም መጥፎ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። መመለስ የሌለባቸው አሳዎችም አሉ። ብሉ ካትፊሽ፣ እኛ አምባዛ የምንለው አሳ ዘመድ፣ በ1970ዎቹ ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ከሌላ ቦታ አምጥተው የለቀቁት ነው። አሁን ቼሳፒክን ወሮታል፣ ሸርጣኑንም ትንንሽ አሳውንም ይበላል። ሜሪላንድ መጠንም ቁጥርም አልወሰነችበትም፣ የቻላችሁትን ያህል ውሰዱ ነው የምትለው። ብዙ የኛ ሰው ግን ቅርፊት ስለሌለው አይበላውም፤ በዘሌዋውያን እንደተጻፈው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ነው የሚፈልገው። ለእነሱ ስኔክሄድ አለ። እሱም መጤ ነው፤ በ2002 ሜሪላንድ ክሮፍተን ውስጥ አንድ ኩሬ ላይ ተገኘ፣ በ2004 ፖቶማክ ወንዝ ላይ ታየ፣ አሁን ብዙ ገባር ጅረቶች ውስጥ አለ። በሕይወት ይዞ መጓዝ ክልክል ነው፣ እዚያው መግደል ነው። ሥጋው ነጭና ጠንካራ ስለሆነ ሲጠበስ አይፈራርስም።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። ስለ ሮክፊሿ እናት ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ስለ 3.4 ሚሊዮኑ «ምነው በተበሉ» አሉ። ስኔክሄዱ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ቅርፊት አለው?»

«አለው ጋሼ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ና ውሰደኝ።»