ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ምንድን ነው?

«ተሃድሶ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሌላ ነገር ነው፤ ወይ የካድሬ ስብሰባ፣ ወይ የታጣቂዎች ካምፕ። አካል ጉዳት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ግን ቃሉን ሲጠቀሙ፣ መራመድ ወይም መናገር ወይም መጉረስ ያቃተውን ሰው የቻለውን ያህል ራሱን እንዲችል ማገዝ ማለታቸው ነው።

«ማኅበረሰብ አቀፍ» ሲጨመርበት ሥራው ከሆስፒታል ግቢ ይወጣል። የሠለጠነ ሰው ቤት ድረስ ይሄዳል። ልጅን እንዴት ደግፎ ማስቀመጥ እንደሚቻል፣ እንዴት ሳያንቀው ማብላት እንደሚቻል ለእናቲቱ ያሳያታል። ግቢው ውስጥ አራት ቋሚ ተተክሎ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ አግዳሚ በልጁ ወገብ ልክ ይመታል። መራመጃ ሆነ ማለት ነው። ምስማርና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ሐሳቡን የዓለም ጤና ድርጅት ማስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1978ቱ የአልማ አታ የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ ጉባኤ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው መመሪያ ሥራው አምስት ዘርፍ አለው፦ ጤና፣ ትምህርት፣ መተዳደሪያ፣ ማኅበራዊ ኑሮና ሰውየው በራሱ ጉዳይ ወሳኝ እንዲሆን ማብቃት። ጤና ከአምስቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። እግሩ የዳነ ልጅ ትምህርት ቤት «አንቀበልም» ካለው ሥራው ገና አላለቀም። እኛ አገር እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ያለው፣ ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራው ድርጅት ቼሻየርም፣ ሰው የሚያውቀው በመናገሻው ማዕከል ቢሆንም፣ በየአካባቢው እየወጣ ይሠራል።

እንግዲህ ይህን ሥራ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ክተቱት ሲባል ነው ጣጣው የሚመጣው።

ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን እንውሰድ። ፖንሴቲ በሚባለው ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ እየተስተካከለ ጀሶ ይደረግለታል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃዋል። ብዙዎቹ ላይ ተረከዝ አካባቢ ያለው ጅማት በትንሽ ቀዶ ጥገና ይላቀቃል። እግሩ ቀና አለ፤ ፎቶ ተነሳ፤ ሪፖርቱ ላይ «ታክሟል» ተብሎ ተጻፈ። ግን ከዚያ በኋላ በብረት የተያያዘ ልዩ ጫማ አለ። ለሦስት ወር ቀንም ሌትም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በእንቅልፍ ሰዓት፣ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ይለብሰዋል። ጫማው ከተተወ እግሩ ተመልሶ ሊቆለመም ይችላል። ፕሮጀክቱ የአንድ ዓመት ነው፤ ልጁ የአራት።

ለጋሽ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ የሚታይ ነገር ይወዳል። ዊልቸር ማስረከብ ፎቶ ያምርበታል። ቤት ለቤት መዞር ግን ሪባን የሚቆረጥለት ሕንፃ የለውም። ወጪው የሠራተኛ ደመወዝ፣ የሞተር ቤንዚንና የእናቲቱ የትራንስፖርት ብር ነው። እናቶች በየሳምንቱ ጀሶ ለማስቀየር መመላለሱን የሚያቋርጡትም ብዙውን ጊዜ በዚሁ በትራንስፖርቱ ምክንያት ነው።

ሕጉም የራሱ ታሪክ አለው። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ። የመስክ ጉዞና ሥልጠና ሳይቀር አስተዳደራዊ እየተባለ ይቆጠር ስለነበር፣ ዋናው ሥራው መንገድ መሄድ የሆነ ድርጅት ተቸገረ። በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ የሚሠራም ከገቢው 10 በመቶ በላይ ከውጭ ማግኘት አይችልም ነበር። በውጭ ብር እግር ማከም ይቻላል፤ የትምህርት ቤቱን በር ለማስከፈት መሟገት ግን አይቻልም። ጉድ እኮ ነው! እሱን የተካው አዋጅ 1113/2011 የ10 በመቶውን ገደብ አነሳ። አስተዳደራዊ ወጪን ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢያደርግም፣ ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የተያያዘውን ወጪ ለየው። ድርጅቶች ነግደው ገቢ እንዲያገኙም ፈቀደ።

የዓመቱ ዕቅድ እንዲህ ካለው ሒሳብ ጋር ነው የሚታገለው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የብዙ የውጭ ለጋሽ ደግሞ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ። አንድ ሥራ በሁለት ካላንደር ሪፖርት ይጻፍለታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው ሞተር አያስኬድም። ስለዚህ ክረምቱ ለሥልጠናና ለፕሮፖዛል፣ ከመስከረም በኋላ ያለው ለመስክ ቢሆን ይሻላል።

ገንዘብ የሚያሰባስበውም ሰው ሁለት ዓይነት ኪስ ቢለይ እላለሁ። ጀሶውን፣ ቀዶ ጥገናውንና ሥልጠናውን የአንድ ዓመት ለጋሽ ይሸፍነው። ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ግን በየወሩ ከሚጠራቀም ትንሽ ብር፣ ከእድር፣ ከሰፈር ነጋዴ፣ ውጭ አገር ካሉ የአካባቢው ልጆች መዋጮ ቢሆን ነው የሚዘልቀው። በባዛር ወይም በአንድ የእራት ምሽት የተገኘ ብር እዚህ ላይ ብዙ አያራምድም። ሕፃኑ በየጊዜው ያድጋል፤ ያ የብረት ጫማም ይጠበዋል።