ቢሾፍቱ እና የሕይወት ሳይንስ ኢንዱስትሪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የባዮቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ቦስተንን ወይም ሌላ ሩቅ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቢሾፍቱ ግን ሐይቆቿንና መዝናኛዎቿን ያህል ላቦራቶሪዎቿም ሊታወቁላት ይገባል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ገና ከባዶ ትጀምራለች።»

ይህ በጣም የተሳሳተ ነው። ከብትን የሚፈጀው የደስታ በሽታ በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ጨረሰ። የሚያርስ በሬ ሲጠፋ ማሳው ጦሙን አደረ፤ «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ ተከተለ። በ1964 ደብረ ዘይት (የቢሾፍቱ የቀድሞ ስም) ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ዋና ጠላቱ ይኸው በሽታ ነበር። ተቋሙ ዛሬ ለአባ ሰንጋ፣ ለዶሮ ፈንግልና ለሌሎችም በርካታ በሽታዎች ክትባት ያመርታል፤ ለአፍሪካ አገሮችም ይሸጣል። ደስታ ደግሞ በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ተረጋግጧል። በሰው ልጅ ጥረት ከጠፉት በሽታዎች ፈንጣጣ አንደኛው፣ ደስታ ሁለተኛው ነው። ለዚህ ድል የእኛ ሰዎች የሠሩትን ሥራ ተማሪዎቻችን ሳያውቁት መመረቃቸው ያሳዝነኛል።

«ባዮቴክኖሎጂ ማለት የዘረመል ለውጥ ነው።»

የዘረመል ምሕንድስና የመስኩ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ክትባት ማራባት፣ ሕዋስ ማሳደግ፣ በሽታን በዘረመል ምርመራ መለየት ሁሉም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በዚያው በቢሾፍቱ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው፣ በ2006 የተለቀቀው የቁንጮ ጤፍ የተገኘው ሁለት ዝርያዎችን በማዳቀል ነው፦ ከአንዱ ንጣቱን፣ ከሌላው ምርታማነቱን ወሰደ። የጤፍ አበባ እጅግ ጥቃቅን ስለሆነና ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚከፈት፣ ሰው ዝርያዎችን የሚያዳቅልበት ዘዴ የተገኘው በ1970ዎቹ ነው።

«ዘመናዊ ማሽን ከተገዛ ኢንዱስትሪው ራሱ ያድጋል።»

ማሽኑ ቀላሉ ክፍል ነው። ክትባት የሚገዛ መንግሥት ወይም አርብቶ አደር ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ማየት አይችልም፤ የሚገዛው በእምነት ነው። ቢሾፍቱን ልዩ የሚያደርጋት ይህንን እምነት የሚያቆም ሌላ ተቋም በክትባት አምራቹ ኢንስቲትዩት አጠገብ መኖሩ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ በምሕጻር ፓንቫክ፣ በአህጉሩ የሚመረቱ ክትባቶችን ከአምራቹ ነጻ ሆኖ ይመረምራል፦ ጀርሙ በቂ ነው? ሌላ ተሕዋስ ተቀላቅሎበታል? ለእንስሳው ጉዳት የለውም? ስለ ምርቱ አምራቹ ብቻ ሲመሰክር ገበያ አይሰፋም፤ እኔ በበኩሌ ከአዲስ ሕንጻ ይልቅ ለእንዲህ ያለ መርማሪ ገንዘብ ቢወጣ እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ያለው ችግር መንገዱ ነው። ቀደም ሲል የነበረው የደስታ ክትባት ቅዝቃዜ ካጣ ይበላሽ ነበር፤ አፋር ሜዳ ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣ የለም። መፍትሔው ከሁለት ወገን መጣ። አደራረቁን በማሻሻል ሙቀትን ለሳምንታት የሚቋቋም ክትባት ተሠራ። በ1990ዎቹ ደግሞ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ክትባቱን ይዘው ከከብቱ ጋር ተጓዙ። ያለ እነዚህ ሰዎች ምርጡ ክትባት መጋዘን ውስጥ ይቀር ነበር።

«የሥራ ዕድሉ ለዶክተሮች ብቻ ነው።»

የፈንግል ክትባት ፅንስ በያዘ የዶሮ እንቁላል ውስጥ ይራባል፤ ስለዚህ ከበሽታ ነጻ የሆነ እንቁላል የሚያቀርብ እርባታ ያስፈልገዋል። ጠርሙስ የሚሞላ፣ ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክን፣ የቀዝቃዛ ክፍሉን ሙቀት ሌሊት የሚከታተል ቴክኒሻንም እንዲሁ።

«የእንስሳት ክትባት የሚያመርት ነገ የሰው ክትባት ያመርታል።»

ሕዋስ ማሳደጉ፣ ንጽሕና መጠበቁ፣ በቅዝቃዜ ማድረቁ ተመሳሳይ ዕውቀት ነው፤ ባለሙያው ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ፋብሪካው ግን አይሻገርም። የሰው ክትባት በሰዎች ላይ ደረጃ በደረጃ የሚደረግ ሙከራ፣ የተለየ የማምረቻ ሥፍራና ጠንካራ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ይጠይቃል፤ ይህም ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያው ድረስ ለቢሾፍቱ የሚበቃ ሥራ አለ፦ በጎችንና ፍየሎችን የሚገድለው የደስታ መሰል በሽታ እስከ 2030 ከዓለም እንዲጠፋ ዕቅድ ተይዟል፤ ክትባቱም እዚያው ይመረታል።