የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 12ኛ ማሻሻያ ምንድን ነው?

12ኛው ማሻሻያ የአሜሪካ መራጭ ወኪሎች (ፕሬዚዳንቱን እንዲመርጡ በየግዛቱ የሚሰየሙ ሰዎች) ለፕሬዚዳንትና ለምክትል ፕሬዚዳንት የሚሰጡት ድምፅ ለየብቻ እንዲሆን የሚያዝ የሕገ መንግሥት ድንጋጌ ነው፤ ኮንግረስ በዲሴምበር 1803 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሳልፎት በጁን 1804 በግዛቶች ጸድቋል። ሲነበብ ደረቅ የአሠራር ደንብ ይመስላል። በእኔ እይታ ግን አሜሪካ የፖለቲካ ፓርቲዎች መኖራቸውን፣ አንድም ቦታ ስማቸውን ሳትጠራ፣ በሕገ መንግሥቷ የተቀበለችበት ሰነድ ነው።

በ1787 በፊላደልፊያ የተረቀቀው አሠራር እያንዳንዱ ወኪል ሁለት ሰዎችን እንዲመርጥ፣ ከሁለቱም ቢያንስ አንዱ የሌላ ግዛት ነዋሪ እንዲሆን ያዝ ነበር፤ የትኛው ለፕሬዚዳንትነት፣ የትኛው ለምክትልነት እንደታሰበ ግን አይጻፍም። ከወኪሎቹ ቁጥር ከግማሽ በላይ የሆነ ከፍተኛ ድምፅ ያገኘው ፕሬዚዳንት፣ ተከታዩ ምክትል ይሆናል። አሠራሩ ወኪሎቹ ለማንም ቡድን ሳይወግኑ በአገሪቱ የላቁትን ሰዎች ይመርጣሉ በሚል እምነት ላይ የቆመ ነበር።

ጆርጅ ዋሽንግተን በዕጩነት እስካሉ ድረስ ጉድለቱ አልታየም፤ በ1789ም ሆነ በ1792 ድምፅ የሰጠ ወኪል ሁሉ አንዱን ድምፁን ለእርሳቸው ሰጥቷል። ነገር ግን በካቢኔያቸው ውስጥ የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቶማስ ጀፈርሰን በመንግሥት ዕዳ፣ በብሔራዊ ባንክ፣ በኋላም በፈረንሳይ አብዮት ላይ የነበራቸው ልዩነት እየሰፋ ሄዶ ፌደራሊስትና ሪፐብሊካን የተባሉ ሁለት ጎራዎችን ፈጠረ። (ዛሬ ሪፐብሊካን የሚባለው ፓርቲ ሌላ ነው፤ የተመሠረተው በ1854 ነው።) በ1796 ፌደራሊስቱ ጆን አዳምስ በ71 ድምፅ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ 68 ያገኙት ተቀናቃኛቸው ጀፈርሰን ምክትላቸው ሆነው ቁጭ አሉ።

የከፋው በ1800 መጣ። ሪፐብሊካኖች ጀፈርሰንን ለፕሬዚዳንትነት፣ አሮን በር የተባሉትን ፖለቲከኛ ለምክትልነት አጭተው በአንድነት ድምፅ ሲሰጡ፣ አንድ ወኪል እንኳ ለበር የሚሰጠውን ድምፅ ሳያስቀር ሁለቱም እኩል 73 አገኙ። ፌደራሊስቶች ሁለቱ ዕጩዎቻቸው እኩል እንዳይሆኑ ተጠንቅቀው አንዷን ድምፅ ለሌላ ሰው፣ ለጆን ጄይ፣ ሰጥተው ነበር፤ ጥንቃቄ ያነሰው አሸናፊው ወገን መሆኑ ያስገርማል። ሕጉ እኩል ድምፅ ሲገጥም ውሳኔውን ለተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል፤ በዚያም እያንዳንዱ ግዛት፣ የሕዝቡ ብዛት ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ፌደራሊስቶች የሚበዙበት፣ ዘመኑ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት የቀሩት ምክር ቤት ከፌብሩዋሪ 11 ቀን 1801 ጀምሮ ድምፅ ቢሰጥም፣ ከ16ቱ ግዛቶች የሚያስፈልገውን 9 ማንም ሊያገኝ አልቻለም፤ ጀፈርሰን 8፣ በር 6 ላይ ቆሙ፣ የሁለት ግዛቶች ተወካዮች ደግሞ እኩል ተከፈሉ። የጀፈርሰን የረጅም ጊዜ ባላንጣ የሆኑት ሃሚልተን ሳይቀሩ በር የባሰ አደገኛ ነው ብለው ለወገኖቻቸው ደብዳቤ ጻፉ። በመጨረሻም የደላዌር ብቸኛ ተወካይ ጄምስ ባያርድን ጨምሮ ጥቂት ፌደራሊስቶች በርን ከመደገፍ በመታቀባቸው፣ ፌብሩዋሪ 17 በ36ኛው ዙር ጀፈርሰን በ10 ግዛቶች ተመረጡ።

ማሻሻያው ሁለቱን ድምፆች በመለየት ይህን ቀዳዳ ደፈነ። ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ከሌለ የተወካዮች ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት (ቀድሞ አምስት ነበሩ)፣ ሴኔቱ ምክትሉን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት እንዲመርጥም ደነገገ። ፌደራሊስቶች ግን የምክትልነቱ ሥልጣን የድርድር መክፈያ ይሆናል ብለው ተቃውመው ነበር፤ በዚህ ነጥብ አልተሳሳቱም፤ ከዚያ ወዲህ ምክትሉ በአብዛኛው የሚታጨው የአንድን ክፍለ አገር ወይም የፓርቲ ክንፍ ድጋፍ ለመሳብ ነው።

አዲሱ ደንብ በደንብ የሚሠራው ሁለት የተደራጁ ፓርቲዎች ሲኖሩ ነው። ፌደራሊስቶች ከከሰሙ በኋላ በ1824 አራቱም ዕጩዎች ሪፐብሊካን ነን ባዮች ስለነበሩ ድምፁ ተበታተነ፤ አንድሩ ጃክሰን 99፣ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ 84 አግኝተው ሳለ ምክር ቤቱ አዳምስን መረጠ። ጃክሰን ውጤቱን የሸፍጥ ስምምነት ብለው አወገዙት፤ ደጋፊዎቻቸውም በየግዛቱ ተደራጅተው በ1828 ወደ ሥልጣን ያመጧቸው ሲሆን፣ ከዚያ ድርጅት የዴሞክራቲክ ፓርቲ ተወለደ።