«ከእህል የወጣ ውሃ ምን ይጎዳል?»፦ ስለ ዘይት መጭመቂያ ፍሳሽ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲና በገላን በኩል ኑግ የሚጨምቁ አነስተኛ ዘይት ቤቶች አሉ። ጭመቃው ራሱ ብዙ ውሃ አይፈልግም። ፍሳሹ የሚበዛው ዘይቱ በኮስቲክ ሶዳ ተጣርቶ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ፣ እንዲሁም ወለሉና በርሜሉ ሲጸዳ ነው። በሽፈራው (ሞሪንጋ)፣ በአመድ፣ በሬድ አሽ (ባለ ቀዳዳ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና በፊላ (ረግረግ ላይ በሚበቅል ረጅም ሣር መሰል ተክል) ይህን ውሃ ማከም ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚችለው የራሱን ሥራ ብቻ ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው አንዱን ለሁሉም ስናደርገው ነው።

«ከምግብ የወጣ ነው፣ መርዝ የለውም»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። እርግጥ በኑግ ውስጥ እንደ ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮም የለም። ወንዝ የገባው ቅባትና ብጥስጣሽ ግን ለባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል፤ ባክቴሪያውም ሲበላ በውሃው የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን 7 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። በእስያ ያልታከመ የፓልም ዘይት ወፍጮ ፍሳሽ ደግሞ ባክቴሪያ እስኪጨርሰው በሊትር 25,000 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል። እስቲ አስሉት፤ አንዱ ሊትር ከ3,500 ሊትር በላይ የወንዝ ውሃ ያፍናል ማለት ነው። የኛው አሥር እጥፍ ቢቀጥን እንኳ 350 ሊትር ያፍናል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ በመንገዳቸው ቆስጣና ሰላጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ።

«ሽፈራው ካጠራው ጸድቷል»

የሽፈራው ፍሬ (ቅጠሉ አይደለም) ውስጥ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ፕሮቲን አለ። በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ጭቃና የቅባት ጠብታ አብዛኛውን ጊዜ አሉታዊ ሙል ስላለው ሁለቱ ይሳሳባሉ፣ ይቋጠራሉ፣ ይዘቅጣሉ። ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ ጨምሮ አንድ ሁለት ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ማማሰል፣ ቀጥሎም ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይነኩ መተው ነው። ውሃው በእርግጥ ይጠራል፣ ሲያዩት ደስ ይላል። የሟሟው ነገር ግን አልወጣም። እንዲያውም ጥሬው ዱቄት የራሱን ምግብ ስለሚጨምርበት ሲያድር መልሶ ይሸታል። ስለዚህ ዘይቱ የወጣለት የሽፈራው ፋጉሎ ይሻላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ተንሳፋፊውን ቅባት በገንዳ አስቀርቶ መቅዳት ይቀድማል፤ ቅባቱ ሳይነሳ ሽፈራው መጨመር ፍሬውን ማባከን ነው።

«አመድና ኖራ ያስተካክለዋል»

አሲድ ለሆነ ውሃ፣ ለምሳሌ ለኮመጠጠ የእርጥብ ቡና ማጠቢያ፣ አዎ። በኮስቲክ ሶዳ ከታጠበ ዘይት የወጣው ግን ቀድሞውኑ የሳሙና ውሃ ነው፣ እንደ አመዱ ሁሉ የአሲድ ተቃራኒ (አልካላይን) ነው፤ አመድ ሲጨመርበት ይብስበታል። መጀመሪያ አሲድ መሆን አለመሆኑን በቀለም በሚያሳየው በሊትመስ ወረቀት ይታይ።

«ከሰል ከሆነ ያጣራል»

የምድጃ ከሰልና ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል አንድ አይደሉም፤ የኋለኛው እጅግ የበዛ ቀዳዳ አለው። ያም ቢሆን ቅባት ይደፍነዋል፣ ሲሞላም መቀየር አለበት። መንገድ የምናለብስበት ሬድ አሽ ርካሽ ነው፤ ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ቆሻሻውን ወንዝ ከመግባቱ በፊት ለሚበላው ባክቴሪያ ጥሩ መኖሪያ ይሆናል። እኔ እሱን እመርጣለሁ።

«እምቦጭ ይምጠጠው»

እምቦጭ ከውሃው ንጥረ ነገር ይመጥጣል፤ ካልታጨደ ግን እዚያው ይበሰብስና የወሰደውን ይመልሳል። አባ ሳሙኤልን ያየ ሰው ሌላ እምቦጭ አይተክልም። በሬድ አሽ አልጋ ላይ ፊላ ወይም ቬቲቨር ሣር ተክሎ ውሃውን በሥሩ ለቀናት ቀስ ብሎ ማሳለፍ ይበጃል። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ሥሩና ድንጋዩ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው።

«የተፈጥሮ ስለሆነ ወጪ የለውም»

ወጪው ቦታና ጉልበት ነው። የተቀዳው ቅባትና የዘቀጠው ዝቃጭ አይጠፋም፤ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ከሞላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ወንዙ ውስጥ ይገባል። ዝቃጩን በአሸዋ ላይ አድርቆ ከጭድና ከፍግ ጋር ማብላላት ይቻላል፤ የተሰበሰበውን ቅባት ደግሞ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ሊወስዱት ይችላሉ። ለዚህም ነው ባለዘይት ቤቶችን ስለ ሽፈራው ከማውራቴ በፊት ገንዳውን በየሳምንቱ የሚቀዳው ማን እንደሆነ የምጠይቃቸው።