ሳርኮማ በማን ላይ ይበዛል? የጾታ፣ የዕድሜና የዘር ሐረግ ልዩነቶች

ሳርኮማ ከአጥንት፣ ከጡንቻ፣ ከስብ፣ ከደም ሥርና ከመሳሰሉት የሰውነት ደጋፊ ክፍሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ከአዋቂዎች ካንሰር 1 በመቶ ገደማውን ብቻ ቢይዝም በልጆች ላይ ድርሻው ከ10 በመቶ ያላነሰ ነው። በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ከ70 በላይ ዓይነቶች አሉት። ሁሉንም ደምሮ «በወንዶች ትንሽ ይበዛል» ማለት ስህተት ባይሆንም ብዙ አይረባም፤ የትኛው ሳርኮማ እንደሆነ ካልተለየ ቁጥሩ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ኦስቲዮሳርኮማን እንይ። ይህ የአጥንት ካንሰር የሚበዛው ልጆች ቁመት በሚጥሉበት ዕድሜ ነው፤ ዋና መነሻውም አጥንት በብዛት የሚረዝምበት የጉልበት ዙሪያ፣ ማለትም የጭን አጥንት ታችኛውና የቅልጥም ላይኛው ጫፍ ነው። ልጃገረዶች ቀድመው ስለሚጎረምሱ በሽታውም በእነሱ ላይ ቀደም ብሎ ይታያል፤ በጠቅላላ ቁጥር ግን ወንዶች ይበልጣሉ። ችግሩ በዚህ ዕድሜ የጉልበት ሕመም የኳስ ጉዳት ተብሎ በቀላሉ መታለፉ ነው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ለሳምንታት የማይለቅ ወይም እብጠት ያለው ሕመም ራጅ ሊነሳ ይገባል። ከ60 ዓመት በኋላ ቁጥሩ ዳግም ከፍ ይላል፤ በዚህ ጊዜ ግን ከበስተጀርባው ፔጄት የተባለው የአጥንት በሽታ ወይም ቀድሞ የተወሰደ የጨረር ሕክምና ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ሌሎቹም የየራሳቸው ዕድሜ አላቸው። የጡንቻ ሕዋስ ባሕርይ ያለው ራብዶማዮሳርኮማ የልጆች ነው፤ ብዙ ጊዜ በእጅና በእግር መጋጠሚያዎች አቅራቢያ የሚወጣው ሲኖቪያል ሳርኮማ በወጣቶች ይበዛል፤ ከ40 ዓመት በኋላ ከቅርጭጭት የሚነሳው ኮንድሮሳርኮማ፣ ከዚያም ከስብ የሚነሳው ላይፖሳርኮማ ይበረክታሉ። የጾታውም ሚዛን ወጥ አይደለም፦ አልቪዮላር ሶፍት ፓርት ሳርኮማ የሚባለው ብርቅ ዓይነት በወጣትነት ዕድሜ በሴቶች ያይላል።

የዘር ሐረግ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ በአጥንት ላይ በሚወጣው በዩዊንግ ሳርኮማ ነው። የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ልጆችና ወጣቶች ላይ በብዛት ሲታይ አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ላይ እጅግ ብርቅ ነው። ይህ ልዩነት በአፍሪካም ሆነ በአሜሪካ በሚኖሩት ዘንድ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከአካባቢ ይልቅ ወደ ዘረመል ያመለክታል። በሽታውን የሚያስነሳው የሁለት ጂኖች መጋጠም ሲሆን፣ ከዚህ የሚወጣው ፕሮቲን በዲኤንኤ ላይ ተደጋግመው የተደረደሩ ፊደላትን ይዞ ይሠራል፤ የድግግሞሹ ርዝመትና አደራደር ደግሞ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል።

ተቃራኒውም አለ። በአሜሪካ ከማህፀን ለስላሳ ጡንቻ የሚነሳው ሊዮማዮሳርኮማና ከቆዳ ውስጠኛ ክፍል የሚነሳው ዴርማቶፋይብሮሳርኮማ በጥቁሮች ላይ ከነጮች በእጥፍ ገደማ ይታያሉ። ብዙ ጊዜ በቆዳ ላይ የሚታየው ካፖሲ ሳርኮማ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1872 (እ.ኤ.አ.) ሲገለጽ በአውሮፓ በዕድሜ የገፉ ወንዶች በሽታ ነበር፤ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ግን በሽታውን የሚያስነሳው ሄርፕስ ቫይረስ 8 ተገኘ። ስርጭቱን የሚወስነው ቫይረሱ የትና በማን እንደተስፋፋ፣ እንዲሁም በኤችአይቪ ወይም በሌላ ምክንያት የተዳከመ የመከላከል አቅም ነው፤ ይህን በዘር ብቻ መተርጎም ያሳስታል።

ምጣኔዎችን (ከተወሰነ ሕዝብ ውስጥ በዓመት የሚታመሙትን ቁጥር) ሲያነጻጽሩ የሚያሳስቱ ነገሮች ብዙ ናቸው። ሕዝቡ ወጣት የሆነበት አገርና አረጋውያን የበዙበት አገር በጥሬ ቁጥር አይወዳደሩም፤ መጀመሪያ ምጣኔው ለዕድሜ መስተካከል አለበት። የብርቅ ዓይነቶች ቁጥርም በትንሽ ነገር ይናወጣል፦ ከ100,000 ሰው 0.1 የሚይዝ ዓይነት በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ በዓመት 1 ሕመምተኛ ማለት ስለሆነ፣ አንድ ሰው ሲጨመር ምጣኔው እጥፍ ይሆናል። ለዚህ የበርካታ ዓመታት መረጃ ይደመራል። አመዘጋገቡም ይለያያል። አንዳንድ መዝገብ የማህፀን ሳርኮማን ከማህፀን ካንሰር ጋር ስለሚቆጥር የሴቶቹ ድርሻ ያንሳል። ጂስት የተባለው የጨጓራና የአንጀት ዕጢ ደግሞ በድሮ መዝገቦች ሊዮማዮሳርኮማ ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ስለዚህ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መካከል የሚታየው የጂስት መብዛት በአብዛኛው የስያሜና የምርመራ ለውጥ ነው።