ለንደን ሲስተም ምንድን ነው?

የቼዝ ክለብ ውድድር ገብታችሁ ጥቁር ከደረሳችሁ፣ ለንደን ሲስተም ሳይገጥማችሁ የመመለስ ዕድላችሁ ጠባብ ነው። የነጭ መክፈቻ ነው። ነጭ መጀመሪያ ወታደሩን ወደ ዲ4 ይገፋል (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግራል)፤ ቀጥሎ ቢሾፑን አውጥቶ ኤፍ4 ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ዲ4ን በኢ3 እና በሲ3 ወታደሮች ይደግፋል። ፈረሶቹ ኤፍ3 እና ዲ2 ላይ፣ ሌላኛው ቢሾፕ ዲ3 ላይ ይሆናሉ። አለቀ። ጥቁር ምንም ቢጫወት አሰላለፉ ብዙም አይለወጥም።

ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ኢ3 ከቀደመ ቢሾፑ ከራሱ ወታደሮች ጀርባ ታፍኖ ይቀራል።

ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1922 የዓለም ሻምፒዮኑ ካፓብላንካ ካሸነፈበት የለንደን ውድድር ነው። የክለብ ተጫዋች የሚወደው ግን ለታሪኩ ብሎ አይደለም። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ለሚጫወት ሰው ቲዎሪ (የተጠኑ የመክፈቻ እርምጃዎችን) መሸምደድ ማን ጊዜ ሰጥቶት! በጥንቱ የአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያሰልፉ ነበር፤ ወረራ ይባላል። ለንደን የሚጫወት ሰውም አንዳንዴ ወረራ ላይ ያለ ይመስለዋል። ተጋጣሚው ምን እንዳደረገ ሳያይ የራሱን ይደረድራል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ቢሾፑ ሲ1ን ሲለቅ ቢ2 ላይ ያለው ወታደር ጠባቂ ያጣል። ጥቁር ዲ5 እና ሲ5 ገፍቶ፣ ፈረሶቹን ሲ6 እና ኤፍ6 ላይ አውጥቶ፣ ንግሥቱን ወደ ቢ6 ያመጣታል። ነጭ ንግሥቱን ቢ3 ላይ አቁሞ ይመልሳል። ጥቁር ሲ4 ገፍቶ ያባርራታል። ወደ ሲ2 ካፈገፈገች፣ ጥቁር ቢሾፑን ኤፍ5 ላይ «እንካ ብላ» ብሎ ያቀርበዋል። የነጭ አንዱ ፈረስ ገና ቢ1 ላይ ከሆነ፣ ይህን ቢሾፕ መብላት ጉድ ያፈላል፤ የጥቁር ንግሥት ቢ2ን ትበላለች፣ ኤ1 ላይ ያለው ሩክም መውጫ የለውም። ንግሥቷን ወደ ሲ1 መመለስ ይሻላል፤ ያምራል ባይባልም።

«የሰነፍ መክፈቻ» የሚሉት አሉ። ለእኔ ስንፍናው የተጫዋቹ ነው። ዲንግ ሊረን እ.ኤ.አ. በ2023 አስታና ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲፋለም፣ በስድስተኛው ጨዋታ ተጋጣሚውን ኔፖምኒያችችን የረታው በዚሁ በለንደን ነው።